ፒክ 44፣ ፕላቶ 21፦ የትኛውን ልመን?

ጥያቄውን የላኩት አንድ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ናቸው። አሳጥሬ ላስቀምጠው። «ታካሚያችን አስም ያለበት ወንድ ነው። ቁመቱ 172 ሴንቲ ሜትር ነው። ቬንትሌተር (መተንፈሻ ማሽን) ተገጥሞለት በቮሊዩም ኮንትሮል (ማሽኑ በየትንፋሹ የተወሰነ መጠን አየር በሚሰጥበት ሞድ) ላይ ነው፤ ታይዳል ቮሊዩም (የአንድ ትንፋሽ አየር) 400 ሚሊ ሊትር፣ ፍሰት በደቂቃ 60 ሊትር፣ በደቂቃ 24 ትንፋሽ፣ ፒፕ 5። አላርሙ 40 ላይ አላስቀምጥ ሲለን ወሰኑን 50 አደረግነው። አሁን ፒክ (የትንፋሹ ከፍተኛ ግፊት) 44 ያሳያል። አንዱ ሐኪም ቮሊዩሙን ወደ 300 አውርዱ ይላሉ። ሌላው ሴዴሽን (ማረጋጊያ መድኃኒት) ጨምሩ ይላሉ። እኔ ፕላቶን ለማንበብ ኢንስፓይራቶሪ ሆልድ (አየሩ ገብቶ እንዳለቀ ፍሰቱን የሚያቆመውን ቁልፍ) ስጫን አንዴ 21፣ አንዴ 27፣ አንዴ 17 አገኛለሁ። የትኛውን ቁጥር ልመን? ቻርት ላይስ የትኛውን ልጻፍ?»

አጭሩ መልስ ይህ ነው። 44 ትክክለኛ ቁጥር ነው፤ ግን የሳንባው ቁጥር አይደለም። 21 ወደ ሳንባው ይቀርባል፤ እሱም ታካሚው ዝም ብሎ ሳለ የተነበበ ከሆነ ነው። ደግሞ እስካሁን ማንም ያልለካው ሌላ ቁጥር አለ። ለእኔ የዚህ ታካሚ ጉዳይ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ የስም ጣጣ አለ። በእኛ አፍ ፒፕ የሚባሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ትንፋሽ ከወጣ በኋላ ሳንባ ውስጥ እንዲቀር የምናደርገው ግፊት ነው። ሌላው የላይኛው ጫፍ ግፊት ነው፤ የእንግሊዝኛ ምህፃሩ ሲነበብ ያው ፒፕ ይሆናል። ርክክብ ላይ «ፒፑ 30 ነው» ተብሎ ሰው ክው ሲል አይቻለሁ። እዚህ ፒፕ ስል የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የላይኛውን ፒክ እለዋለሁ። ግፊቶቹ ሁሉ በሴንቲ ሜትር ውሃ የተለኩ ናቸው፤ በየቦታው አልደግመውም።

አሁን ወደ 44 እንምጣ። ቬንትሌተሩ ግፊቱን የሚለካው ሳንባ ውስጥ አይደለም። ሴንሰሩ ወይ ማሽኑ ውስጥ ነው፣ ወይ ሁለቱ የሰርኪዩት ቱቦዎች የሚገናኙበት ቦታ አጠገብ ነው። ከዚያ እስከ አየር ከረጢቶቹ ድረስ ገና ብዙ መንገድ አለ። ፊልተሩ አለ፣ ጉሮሮ ውስጥ የገባው ቱቦ አለ፣ ከዚያ የታካሚው የራሱ ቧንቧዎች አሉ። አየር በዚህ መንገድ እየሮጠ ሳለ የሚነበብ ግፊት የመንገዱንም ጣጣ ይዞ ነው የሚመጣው።

የብስክሌት ጎማ ነፍተው ያውቃሉ? መንፊያውን ፈጠን አድርገው ሲገፉት እጅዎ ላይ የሚሰማው ክብደት የጎማው ብቻ አይደለም። አየሩ የሚያልፍባት ቀጭን ቀዳዳም አለችበት። መሃል ላይ ቆም ይበሉ። አሁን እጅዎ ላይ የቀረው ጎማው መልሶ የሚገፋዎት ነው። ኢንስፓይራቶሪ ሆልድ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ትንፋሹ ገብቶ እንዳለቀ ሁለቱንም ቫልቮች ይዘጋል። ፍሰቱ ዜሮ ይሆናል። ፍሰት ከሌለ የመንገዱ ጣጣ የለም። ሴንሰሩ ያለበት ቦታና የአየር ከረጢቶቹ አንድ ዓይነት ግፊት ይይዛሉ። ፕላቶ የምንለው ያ ነው።

ስለዚህ ፒክ የሦስት ነገሮች ድምር ነው። መነሻው ላይ ያለው ፒፕ፣ አየሩን በቧንቧው ለማሳለፍ የወጣው ግፊት፣ ሳንባና ደረትን ለመወጠር የወጣው ግፊት። በእርስዎ ታካሚ ላይ ከ44 ላይ 21 ሲቀነስ 23 ይቀራል። በደቂቃ 60 ሊትር ማለት በሰከንድ 1 ሊትር ነው፤ ስለዚህ ሬዚስታንሱ (አየሩ መንገዱ ላይ የሚገጥመው ተቃውሞ) 23 ነው ማለት ነው። ቱቦ ገብቶለት ሳንባው ጤናማ በሆነ አዋቂ ሰው ላይ ይህ ቁጥር ከ15 በታች ነው የሚሆነው። ችግሩ መንገዱ ላይ ነው። ሳንባው ከመጠን በላይ እየተወጠረ ነው ለማለት ገና ማስረጃ የለንም።

አላርሙን ወደ 50 ማውጣታችሁ አያስነቅፍም። እንዲያውም ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የላይኛው የግፊት ወሰን ላይ ሲደረስ ማሽኑ ጮሆ ብቻ አይተውም፤ ትንፋሹን እዚያው ይቆርጠዋል። 400 አዛችሁ 250 ብቻ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ባለ ታካሚ ላይ ፕላቶውን እየለኩ ወሰኑን ከፍ ማድረግ ይቻላል። ሳይለኩ ከሆነ ግን ጆሮ መድፈን ነው።

መንገዱ ጠቧል ስንል ወዲያው ወደ ብሮንኮስፓዝም (የአየር ቧንቧዎች መኮማተር) አይሩጡ። አዎ፣ ታካሚው አስም አለበት። ቢሆንም መጀመሪያ በዓይን የሚታየውን ይዩ። ቱቦውን እየነከሰ ነው? የሆነ ቦታ ላይ ታጥፏል? የሱክሽን ካቴተሩ (አክታ የሚመጠጥበት ቀጭን ቱቦ) ያለ ችግር ያልፋል? ፊልተሩ መቼ ነው የተቀየረው? ይህችን የመጨረሻዋን ጥያቄ የምወዳት በምክንያት ነው። የት እንደሆነ ይቅርና፣ አንድ ሌሊት ሙሉ ሳልቡታሞል (የአየር ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት) ሲወስድ ያደረ ታካሚ ገጥሞኛል። ይሰጠው ብለው ከጠየቁትም አንዱ እኔ ነበርኩ። ፒኩ ፍንክች አላለም። ጠዋት ላይ አንዲት ነርስ በአክታና በውሃ የራሰውን ፊልተር ነቅላ አዲስ አደረገች። ፒኩ ከ46 ወደ 25 ወረደ። ብሮንኮስፓዝሙ ፊልተሩ ላይ ነበር!

ሰርኪዩቱ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃም ሌላ አታላይ ነው። የግፊቱንና የፍሰቱን መስመር እንደ መጋዝ ጥርስ ያደርገዋል፣ ማሽኑም ታካሚው የተነፈሰ ይመስለዋል። ውሃውን ከታካሚው በተቃራኒ አቅጣጫ ያፍስሱት። ሴንሰሩ በቀጭን ቱቦ ከሰርኪዩቱ ጋር የሚገናኝ ዓይነት ከሆነ፣ ያቺ ቱቦ በአክታ ከተደፈነች የሚያነቡት ሁሉ ውሸት ነው።

አሁን ወደ ሦስቱ ቁጥሮች። 21፣ 27፣ 17። ያገኙት ሦስት ፕላቶ ሳይሆን ምናልባት አንድ ፕላቶና ሁለት የታካሚው ጡንቻ ሥራ ነው። ሆልድ ሲጫኑ ቁጥሩን ብቻ አይዩ፤ ዌቭፎርሙን (ስክሪኑ ላይ የሚሄደውን መስመር) ይዩ። ትክክለኛ ሆልድ ላይ ግፊቱ ከፒክ በፍጥነት ይወርዳል። ከዚያ ትንሽ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል፤ አየሩ ከአንዱ የሳንባ ክፍል ወደ ሌላው እየተከፋፈለ፣ የተወጠረውም ሥጋ ትንሽ እየላላ ስለሆነ ነው። ከዚያ ጠፍጣፋ ይሆናል። ጠፍጣፋው ነው የሚነበበው። የፍሰቱ መስመርም ዜሮ ላይ ተኝቶ መታየት አለበት።

መስመሩ በሆልዱ መሃል ወደ ታች ከጎደጎደ ታካሚው አየር ሊስብ እየሞከረ ነው። የእርስዎ 17 ይህ ሳይሆን አይቀርም። ወደ ላይ ከወጣ በሆድ ጡንቻው እየገፋ ነው። 27 እንዲህ ነው የሚመጣው። ጠፍጣፋ ሳይሆን ቀስ እያለ ሳያቋርጥ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ሊክ (የአየር መሹለክ) አለ። የካፉን (ቱቦው ዙሪያ አየር እንዳይሾልክ የሚዘጋውን ፊኛ) ግፊት ይዩ፤ ከ20 እስከ 30 መሆን አለበት። የደረት ቱቦ ያለው ታካሚ ከሆነ እዚያም ሊሾልክ ይችላል።

ሆልዱ ስንት ሰከንድ ይሁን? ግማሽ ሰከንድ በብዙ ታካሚ ላይ ይበቃል። የኤአርዲኤስ (ድንገተኛ ከባድ የሳንባ ጉዳት) ኔትወርክ ፕሮቶኮልም ግማሽ ሰከንድ ይላል። አስም ያለበት ሰው ላይ ግን አየሩ ለመከፋፈል ጊዜ ይወስዳል፤ ቶሎ ከለቀቁ ያነበቡት ከእውነተኛው ይበልጣል። ሁለት ሰከንድ ያህል ይያዙት። ከዚያ በላይ ማራዘም ትንሽ ሊክ ካለ ቁጥሩን ያሳንሰዋል፤ ታካሚውንም እንዲታገል ይጋብዘዋል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አንዳንድ ሰው በየትንፋሹ የሚደገም ፖዝ (ቆም ማለት) ሴቲንግ ውስጥ አስገብቶ ይረሳዋል። እንዲህ ባለ ታካሚ ላይ ያ ፖዝ ከሚያስወጣበት ጊዜ ላይ እየተሰረቀ ነው። ለክተው ያጥፉት።

ያልተለካው ቁጥር የቱ ነው? የተደበቀው ፒፕ ነው። ኦቶፒፕ እንለዋለን። እ.ኤ.አ. በ1982 ሐኪሞቹ ፔፔ እና ማሪኒ ይህን ነገር ሲገልጹ «ስውር» ነበር ያሉት፤ ቃሉ ልክ ነው። ትንፋሽ በሚወጣበት ጊዜ የማሽኑ ማስወጫ ቫልቭ ክፍት ነው። ሴንሰሩ የሚያየው ቫልቩ ጋ ያለውን 5 ብቻ ነው። ከጠበቡት ቧንቧዎች ኋላ ግን አየሩ ወጥቶ አላለቀም። ከዚያ በፊት ቀጣዩ ትንፋሽ ይደርሳል። ስክሪኑ 5 እያለ ሳንባው ውስጥ 10 ወይም 12 ሊኖር ይችላል።

መኖሩን ለማወቅ ምንም መጫን አያስፈልግም። የፍሰቱን መስመር ይመልከቱ። ትንፋሹ ሲወጣ ከታች ተነስቶ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ዜሮ ሳይደርስ ቀጣዩ ትንፋሽ ከጀመረ አየር እየታፈነ ነው። መጠኑን ለማወቅ ኤክስፓይራቶሪ ሆልድ ይጫኑ። ትንፋሹ ወጥቶ ሊያልቅ ሲል ቫልቮቹ ይዘጋሉ፤ ጥቂት ሰከንድ ሲቆይ ግፊቱ ወደ ላይ ወጥቶ ይረጋል። የሚያነቡት ጠቅላላ ፒፑን ነው። ከእሱ ላይ ያዘዙትን ፒፕ ሲቀንሱ ኦቶፒፑ ይቀራል። እዚህም ታካሚው የሆድ ጡንቻውን ከተጠቀመ ቁጥሩ በውሸት ይጨምራል። በጣም በከፋ አስም ላይ ደግሞ በተቃራኒው ሊያንስ ይችላል። አንዳንድ ቧንቧዎች ሙሉ በሙሉ ይዘጋሉ፤ ከኋላቸው ያለው አየር ከሴንሰሩ ጋር አይነጋገርም። ለዚህ ነው በአስም ላይ ኦቶፒፕ ትንሽ ቢመስልም ፕላቶው ከፍ ካለ እኔ የማምነው ፕላቶውን የሆነው።

እንበልና ሆልዱን ተጭነው ጠቅላላው ፒፕ 11 ሆነ። ስሌቱ ሁሉ ይገለበጣል። ሳንባውን ለመወጠር የወጣው ግፊት፣ ማለትም ድራይቪንግ ፕሬዠር፣ ፕላቶ ሲቀነስ ጠቅላላ ፒፕ ነው። በ5 ካሰሉት 16 ይመጣል፤ 400 ለ16 ሲካፈል ኮምፕላያንሱ (ሳንባው ምን ያህል በቀላሉ እንደሚለጠጥ) 25 ይሆናል። ሳንባው ግትር ነው ብለው ይደመድማሉ። በ11 ሲያሰሉት ግን 10 ይመጣል፤ ኮምፕላያንሱም 40። ይህ ሳንባ ግትር አይደለም። የገባው አየር መውጫ ጊዜ አጥቶ ነው።

ቮሊዩሙን ወደ 300 አውርዱ የሚለውን ምክር በዚህ እንፈትነው። ፍሰቱ ካልተነካ የመንገዱ 23 እንዳለ ነው። 100 ሚሊ ሊትር ስንቀንስ በ40 ኮምፕላያንስ የምናተርፈው 2.5 ነው። ኦቶፒፑ ትንሽ ይቀንስ ይሆናል፤ ያም ሆኖ ፒኩ ከ40 አካባቢ አይርቅም። የታካሚው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ይወጣል። ሌላም ዘዴ አለ፤ ፍሰቱን ከ60 ወደ 40 ማውረድ። ፒኩ ወደ 36 አካባቢ ይወርዳል። አላርሙ ዝም ይላል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ነገር ግን 400 ሚሊ ሊትር ለማስገባት 0.4 ሰከንድ የፈጀው አሁን 0.6 ይፈጃል። ያ ጊዜ የሚመጣው ከማስወጫው ነው። ፒኩ ያምራል፣ ታካሚው ይብስበታል።

እኔ የምነካው ቁጥር 24ቱን ነው። በደቂቃ 24 ትንፋሽ ማለት ለአንዱ 2.5 ሰከንድ ነው። 0.4 ለማስገባት ከሄደ ለማስወጣት የሚቀረው 2.1 ነው። ወደ 14 ቢያወርዱት ለማስወጣት 3.9 ሰከንድ ገደማ ያገኛል። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከፍ ይላል፤ በአስም ላይ፣ የደሙ ፒኤች (የአሲድነት ልኬት) ከመጠን በላይ እስካልወረደና ጭንቅላት ላይ ችግር እስከሌለ ድረስ፣ ይህን መታገሥ የተለመደ ነው። ሴዴሽን ጨምሩ ያሉት ሐኪም እዚህ ላይ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ታካሚው ራሱ 24 ጊዜ እየሳበ ከሆነ ማሽኑን 14 ማድረግ ብቻውን ዋጋ የለውም። ሴዴሽኑ ትንፋሹን ለማዘግየት ከሆነ እስማማለሁ። አላርሙን ዝም ለማሰኘት ከሆነ አልስማማም።

በዚህ መሃል የደም ግፊቱ በድንገት ቢወድቅ ስሌት የሚሠራበት ጊዜ አይደለም። ከማሽኑ ነቅላችሁ አየሩ እንዲወጣ ጊዜ ስጡት። ኦቶፒፑ ከሆነ ግፊቱ ወዲያው ይመለሳል። ካልተመለሰ ኒሞቶራክስን (ሳንባውና ደረቱ መካከል አየር መግባቱን) አስቡ። ፒክና ፕላቶ አብረው ከወጡም እንዲሁ፤ ኒሞቶራክስ፣ ቱቦው ወደ ቀኝ ሳንባ መግባት፣ ሳንባ ውስጥ ውሃ መሙላት፣ የሆድ መወጠር። ፒክ ብቻውን ሲወጣ መንገዱ፣ ሁለቱም ሲወጡ ሳንባው ወይም ዙሪያው።

ፕላቶ 30 እንዳያልፍ የሚባለው ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የኤአርዲኤስ ኔትወርክ ጥናት ነው ያስለመደው። 861 ታካሚዎች ነበሩ። ግማሹ በኪሎ 12 ሚሊ ሊትር፣ ግማሹ 6 ይዞ ጀመረ፤ በሁለተኛው ቡድን ፕላቶ ከ30 እንዳይበልጥ ይጠበቅ ነበር። ሞቱ ከ39.8 በመቶ ወደ 31 በመቶ ወረደ። ኪሎው ግን ሚዛን ላይ የሚነበበው አይደለም፤ በቁመት የሚሰላ ነው። ለወንድ ከቁመቱ ላይ 152.4 ይቀንሱ፣ በ0.91 ያባዙ፣ 50 ይደምሩ። ለሴት በ50 ፋንታ 45.5። የእርስዎ ታካሚ 68 ኪሎ ገደማ ይመጣል፤ 400 ማለት በኪሎ 6 ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። የሚወርድ ነገር የለውም። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ተመራማሪው አማቶና ባልደረቦቹ ከዘጠኝ ጥናቶች የተሰበሰቡ 3,562 ታካሚዎችን መረጃ መልሰው አዩ። ከሞት ጋር ይበልጥ የተያያዘው ድራይቪንግ ፕሬዠር ሆኖ ተገኘ። ብዙዎቻችን 15ን እንደ ማንቂያ የያዝነው ከዚያ ወዲህ ነው። ሁለቱም የኤአርዲኤስ ታካሚዎች ላይ የተሠሩ መሆናቸውን ግን ልብ ይበሉ።

30 ደግሞ አጥር አይደለም። ጤነኛ ሰው ጥሩንባ ሲነፋ አፉ ውስጥ ያለው ግፊት ከ100 ሊያልፍ ይችላል። ሳንባው አይፈነዳም። ምክንያቱም የደረቱ ጡንቻ ከውጭም እኩል እየገፋ ነው። ሳንባን የሚወጥረው በውስጡና በዙሪያው ባለው ግፊት መካከል ያለው ልዩነት ነው። በጣም ወፍራም ወይም ሆዱ የተወጠረ ታካሚ ላይ 32 ብዙም ላያስፈራ ይችላል። የዙሪያውን ግፊት መገመት ሲያስፈልግ ኢሶፋገስ (የምግብ ቧንቧ) ውስጥ ትንሽ ባሉን ይገባል። ለእርስዎ ታካሚ አያስፈልግም።

ነገ ከነገ ወዲያ ሲሻለው ወደ ፕሬዠር ሰፖርት (ታካሚው ራሱ ሲስብ ማሽኑ በግፊት የሚያግዝበት ሞድ) ትወስዱት ይሆናል። ያኔ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ያያሉ። ፒፕ 5፣ ሰፖርት 8፤ ፒክ 13 ነው። ሆልድ ሲጫኑ 20 ይወጣል። ፕላቶ ከፒክ በለጠ! ማሽኑ አልተበላሸም። ታካሚው በራሱ ጡንቻ ሲስብ ደረቱን የከፈተው ግፊት ስክሪኑ ላይ አይታይም ነበር። ሆልዱ ላይ ጡንቻው ሲላላ ሳንባውና ደረቱ መልሰው የሚገፉት ሙሉ ኃይል ታየ። በዚያ ትንፋሽ 7ቱን ያዋጣው እሱ ነው። መስመሩ ጠፍጣፋ ከሆነ ቁጥሩን ይመኑት።

በፕሬዠር ኮንትሮል (ማሽኑ በየትንፋሹ የተወሰነ ግፊት በሚሰጥበት ሞድ) ላይ ደግሞ ፒክን እንደ ፕላቶ መቁጠር ልማድ ሆኗል። ትንፋሹ ከማለቁ በፊት ፍሰቱ ዜሮ ከደረሰ ልክ ነው። ካልደረሰ ፕላቶው ከፒኩ ያንሳል። ታካሚው እየሳበ ከሆነም ከላይ እንዳልኩት ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ እዚያም ሆልድ ይጫኑ።

ቻርት ላይ 21ን ይጻፉ፤ መስመሩ ጠፍጣፋ የሆነው በእሱ ላይ ከነበረ። 27ና 17ን ከእሱ ጋር ደምረው አማካይ አያውጡ። ከጎኑ ሞዱን፣ ቮሊዩሙን፣ ፍሰቱን፣ ያዘዛችሁትን ፒፕና የተለካውን ጠቅላላ ፒፕ ያስቀምጡ። ታካሚው ዝም ብሎ ነበር ወይስ እየታገለ የሚለውም ይጻፍ። ቢያንስ በየአራት ሰዓቱ፣ ደግሞም ቮሊዩም ወይም ፒፕ በተነካ ቁጥር ይድገሙት። ትንፋሹን ወደ 14 ካወረዳችሁ በኋላ መጀመሪያ የምመለከተው የፍሰቱን መስመር ነው፤ ዜሮ መድረስ አለመድረሱን። ፒኩ ያኔም 38 ወይም 39 ሊሆን ይችላል። ፕላቶው ወደ 16 ከወረደ ግን የታፈነው አየር ወጥቷል ማለት ነው።